“ሁለቱም አይሆኑኝም” ያለ መራጭ ምን ያድርግ?



የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ በመጣ ቁጥር በዶርምም፣ በካፌም፣ ከመግሪብ እስከ ዒሻ ባለችው ጊዜም ወሬው እርሱ ይሆናል። ባለፈው የአሜሪካ ምርጫ ደግሞ ከሁሉ በላይ የተሰማው አነጋገር አንድ ነበር፦ “ሁለቱም አይሆኑም”። አንዱ እጩ ስለ ሙስሊሞች የተናገረውና ያደረገው ይታወሳል፤ የሌላዋ መንግሥት ጋዛ ላይ ለሚዘንበው ቦምብ መሣሪያ ያቀርብ ነበር። ታዲያ እዚያ የሚኖር ሙስሊም ለማን ድምፅ ይስጥ? ጭራሽ ይተወው?

ጥያቄው የአሜሪካ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚህ ገጽ ላይ ባልመጣ ነበር። ከመንዝ፣ ከግሼ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከኤፍራታና ከአርጎባ መጥተን እዚህ የተገናኘን አብዛኞቻችን 18 ዓመት ሞልቶናል፤ በሕግ መራጮች ነን። “ምን ምርጫ አለና ነው የምመርጠው?” የሚለውን አነጋገርም ከራሳችን አፍ እንሰማዋለን። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ይህ ብስጭት ከየት እንደሚመጣ፣ ሰዎች በብስጭታቸው ምን ምን እንዳደረጉና ውጤቱ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እናያለን። ጽሑፉ ፈትዋ አይደለም፤ የየትኛውም ፓርቲ ቅስቀሳም አይደለም።

ለምን ሁለት ብቻ ሆኑ?

በአሜሪካ ከሁለት በላይ ፓርቲዎች አሉ። አረንጓዴ ፓርቲ አለ፣ ሊበርታሪያን ፓርቲ አለ፣ በግል የሚወዳደሩም አሉ። ሕዝቡም ሌላ ፓርቲ ይፈልጋል። ጋሉፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት ሰብሳቢ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባደረገው ጥናት፣ ከተጠየቁት 63 ከመቶው ሁለቱ ፓርቲዎች ሥራቸውን በሚገባ ስለማይሠሩ ሦስተኛ ትልቅ ፓርቲ ያስፈልጋል ብለዋል። በዚያው ዓመት ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል 28 ከመቶ የሚሆኑት አሜሪካውያን ሁለቱንም ፓርቲዎች እንደማይወዱ ገልጿል። ይህን ያህል ሕዝብ ሌላ ነገር ከፈለገ ለምን አያገኝም?

መልሱ ያለው ድምፅ በሚቆጠርበት ሥርዓት ላይ ነው። በአንድ የምርጫ ክልል 100 ሰው ድምፅ ሰጠ እንበል። ሀ 40፣ ለ 35፣ ሐ 25 አገኙ። በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት አሸናፊው ሀ ነው። ግን 60 ሰው ሀን አልፈለገም! የሐ ደጋፊዎች ከሀ ይልቅ ለን ይመርጡ ከነበረ፣ በሚቀጥለው ጊዜ “ለሐ ድምፄን ከምጥል ቢያንስ ሀን የሚያሸንፈውን ልምረጥ” ይላሉ። ሐ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሁለት ይቀራሉ። የፈረንሳዩ ምሁር ሞሪስ ዱቨርዤ ይህን ነገር አጥንቶ ስለጻፈ የፖለቲካ ሳይንስ ተማሪዎች “የዱቨርዤ ሕግ” እያሉ ይጠሩታል።

የፕሬዚዳንት ምርጫው ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምርበታል። ፕሬዚዳንት ለመሆን ከ538 የመራጮች ጉባኤ ድምፅ 270 ማግኘት ያስፈልጋል። ከሜይንና ከነብራስካ በቀር በየክፍለ ግዛቱ አንደኛ የወጣው የዚያን ክፍለ ግዛት ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ1992 ሮስ ፔሮ የተባሉ ባለ ሀብት በግል ተወዳድረው ከመላ አገሪቱ ድምፅ ወደ 19 ከመቶ አገኙ። ከአምስት መራጭ አንዱ ማለት ነው። በጉባኤው ያገኙት ግን ዜሮ ነው፤ በየትኛውም ክፍለ ግዛት አንደኛ አልወጡምና።

እ.ኤ.አ. በ2000 ደግሞ ጆርጅ ቡሽ ፍሎሪዳን ያሸነፉት በ537 ድምፅ ብቻ ነበር። በዚያው ክፍለ ግዛት የአረንጓዴ ፓርቲው ራልፍ ኔደር ከ97 ሺህ በላይ ድምፅ አግኝተዋል። በዚህ የተነሳ “ለሦስተኛ ፓርቲ መምረጥ የማትፈልገውን ማስመረጥ ነው” የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ሌሎች ደግሞ “ድምፅ የማንም ርስት አይደለም፤ ፓርቲው ራሱ ሠርቶ ማግኘት ነበረበት” ይላሉ። ሁለቱም አባባሎች የየራሳቸው እውነት አላቸው።

በ2000 ሌላም የሚያስተምረን ነገር ሆኗል። በዚያ ዓመት ትልልቅ የአሜሪካ ሙስሊም ድርጅቶች በአንድ ላይ ሆነው ቡሽን ደገፉ። ከምክንያቶቻቸው አንዱ ቡሽ በክርክር መድረክ ላይ በምስጢር ማስረጃ ሰዎችን ማሰርን መቃወማቸው ነበር። ከዓመት በኋላ የመስከረም አንዱ ጥቃት ደረሰ፤ የፓትሪዮት ሕግ ወጣ፤ ከዚያም የኢራቅ ጦርነት መጣ። በቀጣዩ ምርጫ ያው ሙስሊም ማኅበረሰብ ፊቱን ወደ ዲሞክራቶች አዞረ። ለእጩ የተሰጠ ድምፅ እጩው በኋላ ለሚያደርገው ነገር ዋስትና አይሆንም፤ ይህ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የሚታወቅ ነው።

ወገኖቻችን በቨርጂኒያ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ እጅግ ብዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። ብዙዎቹ ለረጅም ጊዜ ዲሞክራቶችን ሲመርጡ የኖሩ ናቸው። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ግን ይህ ተናጋ። የባይደን መንግሥት እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በጦርነቱ ተሳታፊዎች ላይ ማዕቀብ ለመጣል የሚያስችል ትእዛዝ አወጣ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል እንደሚያስወጣ አስታወቀ።

ይህ በታወጀበት ቀን ቨርጂኒያ ገዥዋን እየመረጠች ነበር። “ዲሞክራቶች ድምፃችንን እንደ ዋዛ ቆጥረውታል” ያሉ የትውልደ ኢትዮጵያውያን ቡድኖች ለሪፐብሊካኑ ግሌን ያንግኪን ቀሰቀሱ። በኢትዮጵያ ጉዳይ የተነሳ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሪፐብሊካን የመረጡ ነበሩ። ያንግኪን ከ60 ሺህ በሚበልጥ ድምፅ አሸነፉ። በሌላ በኩል ትውልዳቸው ከትግራይ የሆኑ አሜሪካውያን የባይደን መንግሥት እንዲያውም የበለጠ ጫና እንዲያደርግ በየአደባባዩ ይጠይቁ ነበር። አንዱ ወገን ብስጭት ያለው ጫናው በመብዛቱ፣ ሌላው ደግሞ በማነሱ ነው።

ይህን ታሪክ ከነውጤቱ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ጥቅም አስገኝቷል፦ “ኢትዮጵያውያን ወዴትም አይሄዱም፤ ድምፃቸው የእኛ ነው” የሚለው ግምት ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ፖለቲከኞች ማኅበረሰቡን እንደ አንድ የመራጭ ክፍል ማየት ጀምረዋል። ግን ደግሞ የክፍለ ግዛት ገዥ ማዕቀብ አይጥልም፣ አጎዋንም አይመልስም። የውጭ ጉዳይ የፕሬዚዳንቱና የኮንግረሱ ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ባይደን ከሥልጣን እስከወረዱበት ቀን ድረስ ወደ አጎዋ አልተመለሰችም። ቅጣቱ ያረፈበት ሰውና ቅሬታው የሚመለከተው ሰው የተለያዩ ነበሩ። ድምፅ ከመስጠት በፊት “የምፈልገውን ነገር የሚወስነው ማን ነው? የምመርጠው ሰው ሥልጣኑ እስከ የት ነው?” ብሎ መጠየቅ ለዚህ ነው የሚጠቅመው።

ሚሺጋን፣ 2024

አሁን ወደ ባለፈው የፕሬዚዳንት ምርጫ እንምጣ። ሚሺጋን ውስጥ ዲርቦርን የምትባል ከተማ አለች፤ አብዛኛው ነዋሪዋ የዓረብ ዝርያ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ከከተማዋ መራጭ ከሦስቱ ሁለት እጅ በላይ የሚሆነው ባይደንን መርጦ ነበር። ከጥቅምት 2023 በኋላ ግን ጋዛ ላይ በሚሆነው ነገር ሕዝቡ አዘነ።

የመጀመሪያው እርምጃቸው በጣም የታሰበበት ነበር። የካቲት 27 ቀን 2024 በተደረገው የዲሞክራቶች የውስጥ ቅድመ ምርጫ ላይ “ለማንም አልወሰንኩም” የሚል ምርጫ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ አለ። “እዚያ ላይ ምልክት አድርጉ” ብለው ቀሰቀሱ። ከ100 ሺህ በላይ ሰው፣ ወደ 13 ከመቶ የሚሆነው መራጭ፣ እንዲህ አደረገ። ከሳምንት በኋላ ብዙ የሶማሌና የኦሮሞ ሙስሊሞች በሚኖሩባት በሚኒሶታ ደግሞ ወደ 19 ከመቶ ደረሰ። ይህ ድምፅ ማንንም አላስመረጠም፤ ማንንም አልጣለም። “ይህን ካላስተካከላችሁ በኅዳር አትጠብቁን” የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ገና ጊዜ እያለ የተሰጠ ማስጠንቀቂያ።

ባይደን ከውድድሩ ወጥተው ካማላ ሐሪስ ተተኩ። በነሐሴ ቺካጎ ላይ በተደረገው የፓርቲው ጉባኤ የንቅናቄው ሰዎች አንድ ፍልስጤማዊ አሜሪካዊ በመድረኩ ላይ እንዲናገር ጠየቁ፤ አልተፈቀደም። ከዚያ በኋላ ሙስሊሙ መራጭ በአንድ መንገድ አልሄደም፤ ተከፋፈለ።

የንቅናቄው መሪዎች ሐሪስን እንደማይደግፉ ተናገሩ፤ ትራምፕንም እንደሚቃወሙ፣ ለሦስተኛ ፓርቲ መምረጥንም እንደማይመክሩ ገለጹ። “ሐሪስን ተዉ” የሚለው ሌላ ቡድን የአረንጓዴ ፓርቲዋን ጂል ስታይንን ደገፈ። የሐምትራምክ ከተማ ሙስሊም ከንቲባ ትራምፕን ደገፉ። እንደ ኢልሃን ዑመርና ኪት ኤሊሰን ያሉ ሙስሊም ፖለቲከኞች ደግሞ በሐሪስ ጎን ቆሙ። አንዱ መስጊድ ውስጥ የሚሰግዱ ሰዎች በአራት አቅጣጫ ተለያዩ ማለት ነው።

ውጤቱ ሲቆጠር ዲርቦርን ላይ ትራምፕ ወደ 42 ከመቶ፣ ሐሪስ ወደ 36 ከመቶ፣ ስታይን ወደ 18 ከመቶ አገኙ። ትራምፕ ሚሺጋንን በ80 ሺህ ያህል ድምፅ አሸነፉ። ከዚያ የመወቃቀስ ወቅት መጣ፤ “ሙስሊሞች ናቸው ያስመረጡት” ተባለ። ቁጥሩን ስናየው ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ትራምፕ ያገኙት የጉባኤ ድምፅ 312 ነው። ሚሺጋን ያላት 15 ነው። ሚሺጋን ለሐሪስ ብትሄድ እንኳ ትራምፕ 297 ይዘው ያሸንፉ ነበር። በመላ አገሪቱ ስታይን ያገኙት ደግሞ 1 ከመቶ እንኳ አልሞላም። አንድን አናሳ ማኅበረሰብ ለመላ አገሪቱ ውጤት ተጠያቂ ማድረግ ከሒሳቡ ጋር አይገጥምም።

ሌላው ወገን ደግሞ የጠበቀውን አላገኘም። ትራምፕ ሥልጣን በያዙ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የካቲት 4 ቀን 2025፣ አሜሪካ ጋዛን እንደምትወስድና ነዋሪዎቿ ወደ ሌላ አገር እንደሚሄዱ ተናገሩ። በሰኔ ደግሞ ሶማሊያን፣ ሱዳንን፣ ኤርትራንና የመንን ያካተተ አዲስ የጉዞ እገዳ አወጡ። “ቢያንስ ይሄኛው ሰላም ያመጣል” ብለው የመረጡ ሰዎች ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው መገመት አያቅትም።

አራቱ መንገዶችና የዑለማዎች ንግግር

እስካሁን ያየነውን ብንሰበስበው፣ “ሁለቱም አይሆኑኝም” ያለ መራጭ አራት መንገድ አለው።

አንደኛው ጉዳቱ ያነሰውን መምረጥ ነው። በፊቅህ “ከሁለት ጉዳቶች ቀላሉን መያዝ” የሚል የታወቀ መርሕ አለ፤ ይህን መንገድ የሚደግፉ ዑለማዎች የሚያነሱትም እርሱን ነው። ችግሩ “ቀላሉ የቱ ነው?” የሚለው ላይ ሰው አለመስማማቱ ነው። መርሑ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ወደ ሐሪስ፣ ሌላው ወደ ትራምፕ ሄዷል። መርሑን ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ጉዳቱን የመመዘን ዕውቀትም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ለሦስተኛ ወገን መምረጥ ነው። ሕሊናን ያሳርፋል፤ ቅሬታውም በቁጥር ይመዘገባል። ነገር ግን በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ወንበር የማስገኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ሦስተኛው አለመምረጥ ነው። አንዳንዶች “በዚህ ውስጥ እጄን አላስገባም” ይላሉ። ይህም ዑለማዎች የተነጋገሩበት ነው። በሌላ በኩል ድምፅን እንደ ሸሃዳ፣ እንደ ምስክርነት፣ የሚያዩ ዑለማዎች አሉ፤ “ምስክር ሲጠራ እምቢ አይልም፤ በሐሰትም አይመሰክርም” የሚል ነው ሐሳባቸው። ከሁሉም በላይ መታወቅ ያለበት፣ ያልተሰጠ ድምፅ ምክንያቱ አለመታወቁ ነው። የተቆጣውም፣ የታመመውም፣ የረሳውም፣ ግድ የሌለውም በመዝገቡ ላይ አንድ ናቸው።

አራተኛው የምርጫውን ሥርዓት ለማስተካከል መሥራት ነው። በሜይንና በአላስካ መራጩ እጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ በቅደም ተከተል ያስቀምጣል። አንደኛ ያደረገው ሰው ከወደቀ ድምፁ ወደ ሁለተኛው ይሄድለታል። እዚያ የሚኖር ሰው ሦስተኛ ፓርቲን ያለ ስጋት መምረጥ ይችላል። ይህ ለውጥ የመጣው ዜጎች ለዓመታት ፊርማ አሰባስበውና ለሕዝበ ውሳኔ አቅርበው ነው። አዝጋሚ ነው፤ ነገር ግን በየአራት ዓመቱ “ሁለቱም አይሆኑኝም” ከማለት የሚያወጣው ይኸኛው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በኢትዮጵያም ድምፅ የሚቆጠረው በአብላጫ ሥርዓት ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልሉ አብላጫ ድምፅ ባገኘ እጩ እንደሚመረጡ ይደነግጋል። ሕዝቡ በቀጥታ የአገሪቱን መሪ አይመርጥም፤ የምክር ቤቱን አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ መንግሥት ይመሠርታል። ሞላሌ ወይም ዓለም ከተማ ያለ ሰው በወረቀቱ ላይ የጠቅላይ ሚኒስትሩን ስም የሚያገኘው ጠቅላይ ሚኒስትሩ እዚያ ከተወዳደሩ ብቻ ነው።

የእኛ ብስጭት ግን ከአሜሪካኖቹ ይለያል። እነርሱ “ሁለት ብቻ ናቸው” ይላሉ። እኛ ዘንድ ወረቀቱ ላይ ብዙ ስም አለ፤ ወደ ምክር ቤት የሚገባው ግን አንድ ዓይነት ነው። በ1997 ዓ.ም. ሕዝቡ በብዛት ወጣ፤ አዲስ አበባ ላይ ቅንጅት 23ቱንም ወንበር አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ውጤቱ አወዛገበ፤ ግጭት ሆነ፤ በጉዳዩ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪል ሰዎች መሞታቸውን ገለጸ። ቅንጅት ራሱ “ፓርላማ እንግባ ወይስ አንግባ” በሚለው ተከፈለ። በ2002 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ያዙ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ 14 በተደረገው ምርጫ ውጤት ከተገለጸባቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410ሩን አገኘ፤ አብን 5፣ ኢዜማ 4። በዚያን ጊዜ በጸጥታ ምክንያት ድምፅ ያልተሰጠባቸው ቦታዎች ነበሩ፤ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ውስጥም ጭምር። ለእነዚያ ሰዎች ጥያቄው “ማንን ልምረጥ?” ሳይሆን “ለመምረጥ የሚያስችል ሰላም መቼ ይመጣል?” የሚል ነበር።

የወንበሩ ብዛትና የድምፁ ብዛት አንድ እንዳልሆነ ደግሞ ልብ በሉ። ከላይ በሰጠነው ምሳሌ ሀ ያገኘው 40 ድምፅ ነው። በ10 የምርጫ ክልሎች እንዲሁ ቢሆን 10ሩንም ወንበር ይወስዳል። 60 ከመቶው መራጭ ምክር ቤት ውስጥ ድምፅ የለውም። በዚህ ምክንያት በአገራችን የተመጣጣኝ ውክልና ጥያቄ ሲነሳ ኖሯል።

ይህ ለእኛ ለሙስሊሞች በተለይ የሚታሰብ ነው። በደጋው፣ በመንዝና በግሼ፣ ሙስሊሙ ጥቂት ሆኖ ተበታትኖ ይኖራል፤ ቆላው ላይ፣ በኤፍራታና በአርጎባ በኩል፣ በዛ ብሎና ተሰባስቦ ይኖራል። በአብላጫ ሥርዓት ተበታትኖ ያለ ሕዝብ ብቻውን ማንንም አያስመርጥም። ግን ይህ ማለት ድምፁ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ሁለት እጩዎች በተቀራረቡበት ቦታ ጥቂት መቶ ሰው የሚያዘነብለው ሚዛን አለ። ይህ የሚሠራው ግን ከጎረቤት ጋር በጋራ ጉዳይ ላይ ስንስማማ ነው፤ መንገዱ፣ ውኃው፣ ጤና ጣቢያው፣ ማዳበሪያው፣ ሰላሙ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። የመቃብር ቦታና የመስጊድ ቦታ ጥያቄም ቢሆን ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ ለቀረበ ሰው መልስ ማግኘቱ ይቀላል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖትን ለያይቷል፤ ከተወካያችን የምንጠብቀው ዕምነታችንን እንዲጋራ ሳይሆን መብታችንን እንዲያከብርና እንዲያስከብር ነው።

የራሳችን ትምህርት፦ መጅሊስ

“አልመርጥም” የሚለውን ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቀው ያለ አይመስለንም። በጥር 2004 ዓ.ም. ከአወሊያ የተነሳው የ“ድምፃችን ይሰማ” እንቅስቃሴ ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ የመጅሊስ መሪዎች በሕዝበ ሙስሊሙ ይመረጡ የሚል ነበር። ምርጫው ተፈቀደ፤ ቦታው ግን በቀበሌ ሆነ። ሙስሊሙ ደግሞ “በመስጊዳችን እንመርጣለን” አለ። መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. ምርጫው በየቀበሌው ተካሄደ፤ የሕዝቡን ጥያቄ ይዘው የነበሩት የኮሚቴው አባላት በእስር ላይ ነበሩ፤ እጅግ ብዙ ሰውም አልተሳተፈም። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኮሚቴው አባላትና ሌሎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። ሰዎቹ በተለያየ ጊዜ ተፈቱ፤ ሚያዝያ 23 ቀን 2011 ዓ.ም. ሙፍቲ ሐጂ ዑመር እድሪስ የሚመሩት አዲስ አመራር ተመሠረተ፤ በ2012 ዓ.ም. መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ። በ2017 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ የመጅሊስ ምርጫ በየመስጊዱ ተካሄደ። ሁሉም ሰው በሁሉም ነገር ረክቷል ማለት አይደለም፤ ቅሬታ ያነሱ ነበሩ። ነገር ግን በ2005 “በመስጊዳችን” ያለው ሕዝብ በ2017 በመስጊዱ መረጠ።

ከዲርቦርኑ የየካቲት ድምፅ ጋር አስተያዩት። ሁለቱም ቦታ ላይ ሰዎቹ ቤታቸው ተቀምጠው አልተበሳጩም። ምን እንደሚፈልጉ በአጭር ቃል ተናግረዋል፤ ለማን እንደሚናገሩ አውቀዋል፤ በሰላም አድርገውታል፤ ምርጫው ካለፈም በኋላ ጥያቄውን አልጣሉትም። ጥያቄ ይዞ መቅረትና ተስፋ ቆርጦ መቅረት ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ፍሬያቸው ግን ለየቅል ነው።

እኛስ ከዛሬ ጀምሮ?

አንደኛ፣ እንመዝገብ። የመራጮች ምዝገባ ጊዜው ካለፈ በኋላ “ሐሳቤን ቀየርኩ” ማለት አይቻልም። ተማሪ ከቤቱ ርቆ ስለሚኖር የት እንደሚመዘገብና የት እንደሚመርጥ አስቀድሞ መጠየቅ አለበት፤ የምርጫ ቦርድን ማስታወቂያ ተከታተሉ። ተመዝግቦ በመጨረሻ አለመምረጥ ይቻላል፤ ሳይመዘገቡ መምረጥ ግን አይቻልም።

ሁለተኛ፣ ከፓርቲው ስም በፊት የአካባቢያችንን እጩዎች እንወቅ። ለክልል ምክር ቤትና ለፌዴራል ምክር ቤት የምንሰጠው ድምፅ ይለያያል፤ የመሬት አስተዳደሩን ጉዳይ የሚያስፈጽመው ክልል ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ጉዳይ የሚያየው ፌዴራል ነው። የቨርጂኒያውን ታሪክ አንርሳ፦ ቅሬታችን ሥልጣኑ ያለው ሰው ጋ ይድረስ።

ሦስተኛ፣ እጩ ወደ አካባቢያችን ሲመጣ ጥያቄ እንጠይቅ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ተብሎ የሚቆጠር፣ በኋላም “ፈጸምክ ወይስ አልፈጸምክም?” ሊባልበት የሚችል ጥያቄ ይሁን። “ሙስሊሙን ትወዳለህ?” ለሚል ጥያቄ ሁሉም “አዎ” ይላል።

አራተኛና ዋናው፣ በዚህ ጉዳይ እርስ በርስ አንኳረፍ። አንድ ሶፍ ላይ የምንቆም ወንድሞች አንዱ ጉዳቱ ያነሰውን ሊመርጥ፣ አንዱ ሦስተኛውን ሊመርጥ፣ አንዱ ሊተወው ይችላል። ይህ የኢጅቲሃድ ጉዳይ ነው፤ ያልመረጠውን “ፈሪ”፣ የመረጠውን “ሆዳም” ማለት ከአዳብ ውጭ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከምርጫው በኋላ የመጣውን መወቃቀስ አይተናል። እዚህ ካምፓስ ውስጥ ደግሞ ከየአካባቢው የመጣን፣ የየቤታችን ሐዘንና ስጋት የተለያየ ነን። አንዱ ወንድማችን መንደሩ ተቃጥሎበት የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ስለ ፖለቲካ ስንነጋገር ይህን እያሰብን እንነጋገር።

የምንሰጠው ድምፅ አማና ነው። በእጃችን ያለው ወረቀት ላይ የምንወደው ስም ባይኖርም እንኳ ምን እንዳደረግንበትና ለምን እንዳደረግነው እንጠየቅበታለን። አላህ ለአገራችን ሰላምን፣ ለመሪዎቻችን ፍትሕን፣ ለእኛም ማስተዋልን ይስጠን።

ወሏሁ አዕለም።